ሺህ የውሸት ተማሪዎች፦ የዳታቤዝ ሰርቨር ጫና እንዴት ይፈተናል?

ጠዋት 2፡30 ላይ የኮርስ ምዝገባ ይከፈታል ተብሎ ማስታወቂያ ወጥቷል። 2፡25 ላይ ተማሪው ሁሉ ገጹን ከፍቶ ይጠብቃል፤ ዶርም ያለው ዶርም፣ ካፌ ያለው ካፌ፣ ለእረፍት ቤተሰብ ጋ የሄደውም ኔትወርክ የሚይዝበት ቦታ ፈልጎ። ልክ 2፡30 ሲሆን ሁሉም በአንዴ ይጫናል። ገጹ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ነጭ ይሆናል።

ይህን ትዕይንት አብዛኞቻችሁ ከስልኩ በኩል ታውቁታላችሁ። እኔ አንዴ ከሰርቨሩ በኩል አይቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ግቢ የምዝገባውን ሲስተም ከሚፈትሹት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ከመከፈቱ አንድ ሳምንት ቀደም ብለን በውሸት ተጠቃሚዎች ሞክረነዋል፤ ጥሩ ቁጥር አሳየን፤ «ይችላል» ብለን ፈረምን። በተከፈተ በደቂቃዎች ውስጥ ወደቀ። ረፋዱ ላይ ተመልሶ ቢነሣም አንዳንዱ ኮርስ ዕድል በቀናቸው ልጆች ሞልቶ ነበር። ቀትር ላይ ሬጅስትራር ደጃፍ ቆማ ስልኳን እያሳየች «እኔ እኮ 2፡30 ላይ ነው የተጫንኩት» የምትል ተመራቂ ተማሪ ነበረች። እውነቷን ነው። ግን ዳታቤዙ ውስጥ ስሟ የለም። ኮርሱ ደግሞ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር ገንዘብም ባለሙያም በሞላበት አገር ይደርሳል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን መመዝገቢያ ዌብሳይት ኦክቶበር 1 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት፣ በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን ጨርሰው የወጡት ሰዎች 6 ነበሩ። ስድስት ሺህ አላልኩም፤ ስድስት። በኋላ ሥራውን የሠሩት ድርጅቶች ለምክር ቤቱ ሲመሰክሩ፣ ሲስተሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተያይዞ የተፈተነው ከመከፈቱ በፊት በነበሩት የመጨረሻ ሁለት ሳምንታት ገደማ ብቻ እንደነበር ተናግረዋል።

እነሱ በበቂ አልፈተኑም። እኛ ግን ፈትነን ነበር። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄኛው ነው፦ ፈተናውን ያለፈ ሰርቨር ለምን በእውነተኛው ቀን ይወድቃል?

ኮኔክሽን ሲባል

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ስልካችሁ ላይ ያለው ገጽ ከዳታቤዙ ጋር በቀጥታ አያወራም። መሀል ላይ አፕሊኬሽኑ አለ፤ ጥያቄያችሁን ተቀብሎ ወደ ዳታቤዙ መስመር የሚከፍተው እሱ ነው። ኮኔክሽን የምንለው ይህን መስመር ነው። እዚህ በምሳሌነት የምጠቀመው ፖስትግሬስ የተባለውን ዳታቤዝ ነው፤ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ እናንተም ላፕቶፓችሁ ላይ ጭናችሁ የምለውን ሁሉ ልትሞክሩት ትችላላችሁ።

ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ራሱን የቻለ አንድ ፕሮሰስ ያስነሣል። አንድ ደንበኛ በበሩ በገባ ቁጥር አንድ አዲስ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ጠረጴዛና ወንበር ሰጥቶ የሚያስተናግድ ባንክ አስቡ። ደንበኛው ዝም ብሎ ቢቀመጥ እንኳ ሠራተኛው አብሮት ይቀመጣል፤ ሜሞሪም ይይዛል። ስለዚህ ገደብ አለው። ማንም ካልነካው ገደቡ 100 ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ደንበኛ ሰልፍ እንኳ አይያዝለትም፤ «ይቅርታ፣ ደንበኞች ሞልተዋል» የሚል አጭር መልእክት ይሰጠውና በሩ ይዘጋበታል። በዚያ ቀን የሰርቨሩ መዝገብ ላይ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ያየሁት ይህ መልእክት ነው።

«ታዲያ 100ውን 5,000 አታደርጉትም?» ትሉ ይሆናል። እኛም ያንን ነው ለማድረግ የቸኮልነው። ግን ሰርቨሩ 16 ኮር ካለው፣ በአንድ ቅጽበት በትክክል የሚሠሩት 16 ፕሮሰሶች ናቸው። ሌሎቹ ተራ ጠባቂ ናቸው፤ ተራ በመቀያየር ብቻ የሚባክነው ጊዜ ደግሞ ቀላል አይደለም። 16 ምጣድ ባለበት ቤት 5,000 ጋጋሪ ብታስገቡ እንጀራው አይበዛም፤ መተላለፊያው ነው የሚዘጋው። ሰርቨሩ በሰከንድ የሚሠራው ሥራ ከኮኔክሽኑ ጋር እስከ አንድ ነጥብ ድረስ ይጨምራል፣ እዚያ ይቆማል፣ ከዚያ መውረድ ይጀምራል። ያ ነጥብ የት እንደሆነ ደግሞ በግምት አይገኝም። የጫና ፍተሻ የሚባለው ነገር ዋና ሥራው እሱን ነጥብ ማግኘት ነው።

የሌለው ባንክ

ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ የሚመጣ ፒጂቤንች የሚባል መሣሪያ አለ። ሥራው የውሸት ደንበኞችን መፍጠር ነው። «50 ሁኑና ለ10 ደቂቃ ይህን ዳታቤዝ አስጨንቁት» ስትሉት 50 ኮኔክሽን ይከፍታል፤ እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ትራንዛክሽን ይልካል፣ መልሱን ይጠብቃል፣ ወዲያው ሌላ ይልካል። ሲጨርስ በሰከንድ ስንት ትራንዛክሽን እንደተሠራና አንዱ በአማካይ ስንት ሚሊሰከንድ እንደፈጀ ይነግራችኋል።

ገና ስታስጀምሩት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ባንክ መሥራት ነው። 1 ቅርንጫፍ፣ 10 ቴለር፣ 100,000 የደንበኛ ሒሳብ፣ አንድ ባዶ የታሪክ መዝገብ። ለምን ባንክ? ለምንስ እነዚህ ቁጥሮች? ይህ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀረ ቅርስ ነው። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ የኮምፒውተር ሻጭ «የእኔ ማሽን በሰከንድ ይህን ያህል ይሠራል» እያለ በየራሱ መለኪያ ይፎክር ነበር። በ1985 ጂም ግሬይ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ የጋራ መለኪያ የሚያቀርብ ጽሑፍ አወጣ፤ መለኪያውም አንድ ደንበኛ ባንክ ገብቶ ገንዘብ ሲያስገባ ወይም ሲያወጣ የሚሠራው ሥራ ነበር። (ግሬይ በ1998 የቱሪንግ ሽልማትን አግኝቷል። በጃንዋሪ 2007 ከሳን ፍራንሲስኮ ብቻውን በጀልባ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ፤ የኮምፒውተር ሰዎች የሳተላይት ፎቶ ተከፋፍለው ባሕሩን ቢያስሱም አልተገኘም።) በ1988 ቲፒሲ የሚባል የጋራ ምክር ቤት ተቋቋመና ሐሳቡን ቲፒሲ-ኤ እና ቲፒሲ-ቢ በተባሉ ደረጃዎች አስፍሮ አወጣው። ፒጂቤንች የሚሠራው ከሁለተኛው የተቀዳ ነገር ነው፤ ልክ ያንኑ እንዳልሆነም ራሱ አይደብቅም፤ ውጤቱን ሲያትም «ቲፒሲ-ቢ (መሰል ነገር)» ብሎ በቅንፍ ያስቀምጣል። እንዲህ ሐቀኛ የሆነ ሶፍትዌር ብዙ አላጋጠመኝም።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? በቲፒሲ-ኤ አንድ ቴለር በአማካይ በየ10 ሰከንዱ አንድ ደንበኛ ያስተናግዳል ተብሎ ተቀመጠ። 10 ቴለሮች ካሉ በሰከንድ 1 ትራንዛክሽን ይመጣል ማለት ነው። ስለዚህ «በሰከንድ 1 እሠራለሁ» የሚል ማሽን 10 ቴለር ያለው 1 ቅርንጫፍ ይዞ መፈተን ነበረበት፤ «500 እሠራለሁ» ያለ ደግሞ 500 ቅርንጫፍ። ትንሽ ባንክ ይዞ ትልቅ ቁጥር መናገር ተከለከለ። ይህን ክልከላ ልብ በሉልኝ፤ እኛ የጣስነው እሱን ነው። ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ስንት ሰው ውስጥ አለ?

አሁን ትንሽ ሒሳብ፤ አትሽሹ፣ ማባዛት ብቻ ነው። ጆን ሊትል የተባለ ተመራማሪ በ1961 ያረጋገጠው ሕግ አለ፦ በአንድ ቤት ውስጥ በአማካይ የሚገኘው ሰው ብዛት፣ በሰከንድ የሚገባው ሰው ቁጥር በእያንዳንዱ ሰው የቆይታ ጊዜ ሲባዛ ነው። ለካፌም ይሠራል፣ ለሆስፒታልም፣ ለዳታቤዝም።

እንበል 4,000 ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች ውስጥ ተጫኑ። በሰከንድ 400 ጥያቄ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ዳታቤዙ ጋ 20 ሚሊሰከንድ ቢቆይ፣ 400 ሲባዛ በ0.02፣ 8 ይሆናል። በአማካይ የተያዘው ኮኔክሽን 8 ብቻ! አራት ሺህ ሰው በሩ ላይ ተጋፍቶ፣ ውስጥ ያለው ስምንት። ለዚህ ነው 100 ኮኔክሽን ይበቃል ብለን ስንፈርም ያላፈርነው።

ቆይታው ግን 20 ሚሊሰከንድ ሆኖ ካልቀረስ? በሆነ ምክንያት ወደ ግማሽ ሰከንድ ቢረዝም፣ በሰከንድ የሚመጣው ሰው አንድም ሳይጨምር፣ 400 ሲባዛ በ0.5፣ 200 ኮኔክሽን ያስፈልጋል። ገደቡ 100 ነው። አለቀ። የኮኔክሽን ማነስ የሚመስለው ችግር አብዛኛውን ጊዜ የቆይታ መርዘም ነው፤ «ደንበኞች ሞልተዋል» የሚለው መልእክት ትኩሳት እንጂ በሽታው አይደለም።

ቆይታን የሚያረዝመው የመጀመሪያው ነገር ራሱ ሰልፍ ነው። ይህን ቀድሞ በሒሳብ የያዘው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ ነው፤ ለኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ሲሠራ በ1909 የመጀመሪያ ጽሑፉን አወጣ። ስልክ የሚደውል ሰው ከሌላው ጋር ተነጋግሮ አይደውልም፤ በዘፈቀደ ነው የሚመጣው። አንድ ወፍጮ ብቻ ያለበት ወፍጮ ቤት ብታስቡት፣ ወፍጮው ከጊዜው ግማሹን ብቻ ቢሠራ እንኳ ሁለት ሰው ገጥሞ መጠባበቅ አይቀርም። ሥራው በራሱ 10 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ አንድ አስተናጋጅ ላለው ቀላሉ የሰልፍ ስሌት የሚለው ይህን ነው፦ አስተናጋጁ ከጊዜው 50 በመቶ ሲያዝ አማካይ ቆይታው 20 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ 80 በመቶ ሲያዝ 50፤ 90 በመቶ ሲያዝ 100፤ 95 በመቶ ሲያዝ 200፤ 99 በመቶ ላይ አንድ ሙሉ ሰከንድ። ከ50 ወደ 80 ስትሄዱ ብዙም አይታወቃችሁም። ከ95 ወደ 99 ስትሄዱ ግን ቤቱ ይፈርሳል። «ሲፒዩው ገና 90 በመቶ ነው፤ 10 በመቶ ትርፍ አለን» የሚል ሰው ስሰማ ሆዴ የሚባባው ለዚህ ነው።

የውሸት ተጠቃሚ ጨዋነት

የመጀመሪያው ስሕተታችን እነሆ። ከላይ እንዳልኳችሁ የፒጂቤንች ደንበኛ አንድ ጥያቄ ይልክና መልሱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ሰርቨሩ ሲዘገይ እሱም ይዘገያል። በጣም ጨዋ ነው። ሰርቨሩ ሲደክም ሥራ ይቀንስለታል ማለት ነው! 50 የውሸት ደንበኞች ካሏችሁ፣ ምንም ቢፈጠር ሰርቨሩ ውስጥ ከ50 በላይ ጥያቄ በአንዴ ሊገኝ አይችልም።

እውነተኛ ተማሪ እንዲህ አይደለም። ገጹ ቢዘገይ እሱን ከቁብ የማይቆጥሩ ሌሎች 400 ተማሪዎች በሚቀጥለው ሰከንድ ይመጣሉ። እሱ ራሱም አይታገሥም፤ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ፣ ሪፍሬሽ። ይባስ ብሎ፣ ተማሪው ትቶት ሲሄድ ወይም ሲደግመው የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ አይሰረዝም። በፖስትግሬስ የተለመደው አሠራር፣ ደንበኛው መስመሩን ቆርጦ መሄዱን ሰርቨሩ የሚያውቀው ሥራውን ጨርሶ መልሱን ሊልክ ሲል ነው። ማንም ለማይጠብቀው ጥያቄ ይለፋል።

ይህ ጨዋነት ቁጥሩንም ያጣምማል። አንድ የውሸት ደንበኛ በሰከንድ 10 ጥያቄ ይልካል እንበል። ለ60 ሰከንድ ሁሉም ሰላም ነው፤ እያንዳንዱ 10 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ 600 ጥያቄ ተመለሰ። ከዚያ ሰርቨሩ ለ60 ሰከንድ ደርቆ ቀረ። ጨዋው ደንበኛ አንዷን ጥያቄ ይዞ 60 ሰከንድ ሙሉ ቆመ። መዝገቡ ምን ይላል? 601 ጥያቄ፤ 600ው 10 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ 60 ሰከንድ። አማካዩ 110 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። «ከ100 ጥያቄ 99ኙ በ10 ሚሊሰከንድ ተመልሷል» ብላችሁ ሪፖርት ብትጽፉ አልዋሻችሁም።

እውነተኛ ሰዎች ቢሆኑ ግን በዚያች በደረቀች ደቂቃ ሌሎች 600 ጥያቄዎች ይመጡ ነበር፤ ደቂቃው ሲጀምር የመጣው 60 ሰከንድ፣ ሊያልቅ ሲል የመጣው ትንሽ፣ በአማካይ 30 ሰከንድ ይጠብቁ ነበር። የሁሉም አማካይ 15 ሰከንድ ይሆናል። ከሰዎቹ ግማሹ ተሰቃይቷል። ያው ሰርቨር፣ ያው ሁለት ደቂቃ፤ አንዱ መለኪያ 110 ሚሊሰከንድ ይላል፣ ሌላው 15 ሰከንድ። ይህን ወጥመድ አጥብቆ ያስተማረው ጊል ቴኔ የተባለ መሐንዲስ ነው፤ ፈታኙና ተፈታኙ ሳያውቁት ተስማምተው መጥፎውን ደቂቃ ከመዝገብ እንደሚያስቀሩት አሳይቷል።

ማምለጫው አለ፤ እንዲያውም ፒጂቤንች ውስጥ ተቀምጦ ነበር፣ እኛ ነን ያላየነው። «በሰከንድ 400 ላክ» ብሎ ፍጥነቱን መወሰን ይቻላል። ያኔ መሣሪያው ጥያቄዎቹ የሚነሡበትን ሰዓት ልክ እንደ ኤርላንግ ስልክ ደዋዮች በዘፈቀደ ያወጣል፤ ቆይታውንም የሚቆጥረው ጥያቄው በተላከበት ሳይሆን መላክ በነበረበት ሰዓት ነው። ሰርቨሩ ወደኋላ ከቀረ ዕዳው መዝገብ ላይ ይታያል። ይህን አንድ ምርጫ ብቻ ጨምረን ብንፈትን ኖሮ ያቺ ልጅ ዛሬ ሌላ ታሪክ ይኖራት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሁሉም የሚፈልገው አንድ ረድፍ

ብቻ እሱም ሁሉን አይፈታም። ሁለተኛው ስሕተታችን ይበልጥ ያሳፍራል። የውሸት ተማሪዎቻችን ኮርስ የሚመርጡት በዘፈቀደ ነበር፤ በመቶዎች ከሚቆጠሩት ኮርሶች አንዱን እንደ ዕጣ ያወጡ ነበር። የትኛው ተማሪ ነው እንዲህ የሚያደርገው? ሁሉም የሚሮጠው ወደ አንድ ኮርስ ነው፦ ጠዋት ወደሚሰጠው፣ ወይም መምህሩ ጥሩ ነው ወደተባለው።

ለዳታቤዙ ይህ የሰማይና የምድር ልዩነት ነው። የአንድ ኮርስ ቀሪ መቀመጫ የተጻፈው ሠንጠረዡ ውስጥ አንድ ረድፍ ላይ ነው። አንድ ትራንዛክሽን ያንን ረድፍ ሊቀንስ ሲነካው ረድፉ ይቆለፋል፤ ትራንዛክሽኑ እስኪያልቅ ሌላው መቀነስ አይችልም፣ ቆሞ ይጠብቃል። ይህ መሆንም አለበት፤ ካልሆነ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው እንሸጠዋለን። ነገር ግን መቆለፊያው ለ10 ሚሊሰከንድ ከተያዘ፣ ያ ረድፍ በሰከንድ ቢበዛ 100 ሰው ነው የሚያስተናግደው። 16 ኮር ይኑራችሁ 160፣ ለውጥ የለውም።

ከላይ ካልነው 400 ውስጥ 150ው ያንን አንድ ኮርስ የሚፈልጉ ናቸው እንበል። በሰከንድ 150 ይመጣል፣ 100 ይወጣል፣ 50 ይጠራቀማል። በሁለት ሰከንድ 100 ሰው ተጠራቀመ። እያንዳንዱ ጠባቂ ኮኔክሽን ይዞ ነው የሚጠብቀው። ገደባችን ደግሞ 100 ነው። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ኮኔክሽኑ ሁሉ በአንድ ረድፍ ጠባቂዎች ተይዟል፤ ሌላ ኮርስ የሚፈልገውም፣ ውጤቱን ማየት ብቻ የሚፈልገውም «ይቅርታ፣ ሞልቷል» ይባላል። ያቺ ተመራቂ የፈለገችው ኮርስ የተጨናነቀው ኮርስ አልነበረም። ሰው በማይጋፋበት መስኮት ልትስተናገድ መጥታ በሩ ላይ ነው የቀረችው።

ይሄኔ የቲፒሲ ክልከላ ትዝ ይላችኋል። የፒጂቤንች ባንክ ውስጥ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን የደንበኛውን ሒሳብ፣ ከዚያ የቴለሩን፣ ከዚያ የቅርንጫፉን ቀሪ ገንዘብ ይቀይራል፣ በመጨረሻ ታሪክ ይመዘግባል። ቅርንጫፉ አንድ ከሆነ፣ 50 ደንበኞች ብታስነሡ 50ውም ለዚያ አንድ ረድፍ ይሰለፋሉ፤ የምትለኩት የሰርቨሩን አቅም ሳይሆን የአንድ ቁልፍ ፍጥነት ነው። የመሣሪያው መመሪያ የቅርንጫፎቹን ቁጥር ቢያንስ የደንበኞቹን ያህል አድርጉ የሚለው ለዚህ ነው። እኛ መመሪያውን በሚገባ አክብረን ግጭቱን ከፈተናው ውስጥ አወጣነው፤ ሕይወት ግን ግጭት ነበረበት። ባለብዙ ቅርንጫፍ ባንክ ፈትነን ባለአንድ ቅርንጫፍ ባንክ ከፈትን። የቲፒሲ ሰዎች የከለከሉት ትንሽ ፈትኖ ትልቅ መናገርን ነበር፤ እኛ በሌላ በር ገብተን ያንኑ አደረግን።

ሌሎች ትንንሽ ውሸቶች

ፈታኙንና ሰርቨሩን አንድ ማሽን ላይ አታስነሡ፤ አንዱ የሌላውን ሲፒዩ ይበላል፣ የኔትወርኩም መዘግየት ከሒሳቡ ይወጣል። ከ1,000 በላይ ኮኔክሽን ከአንድ የሊኑክስ ማሽን ልታስነሡ ስትሉ ፈተናው ከቆመባችሁ ሰርቨሩን ከመውቀሳችሁ በፊት የራሳችሁን ማሽን እዩ፤ አንድ ፕሮሰስ በአንዴ የሚከፍተው ፋይል ብዙ ጊዜ 1,024 ላይ ይገደባል፣ ኮኔክሽንም እንደ ፋይል ነው የሚቆጠረው።

የአንድ ደቂቃ ፈተና ፈተና አይደለም። ፖስትግሬስ ሜሞሪ ላይ ያጠራቀመውን ለውጥ በየተወሰነ ጊዜ ወደ ዲስክ ጠቅልሎ ያወርዳል፤ ካልተቀየረ በስተቀር ቢያንስ በየ5 ደቂቃው። ያ ሲሆን ዲስኩ ይጨናነቃል። አንድ ደቂቃ ፈትኖ የጨረሰ ሰው ይህን ምሽት ሳያይ «ቀኑ ብሩህ ነው» ብሎ ይመለሳል። እኔ ከግማሽ ሰዓት በታች የሆነ ውጤት አላምንም።

የዳታው መጠንም ያታልላል። የፒጂቤንች ባለአንድ ቅርንጫፍ ባንክ 15 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ስልካችሁ ውስጥ ካለ አንድ አጭር ቪዲዮ ያነሰ። ሁሉም ሜሞሪ ላይ ይቀመጣል፣ ዲስክ የሚነካ ንባብ አይኖርም። እውነተኛው ዳታ ከሜሞሪው የሚበልጥ ከሆነ የምትፈትኑበትም መብለጥ አለበት።

አማካይ የሚባለውን ነገር ደግሞ ተጠራጠሩት። የምዝገባ ገጽ አንዴ ሲከፈት ለዳታቤዙ 20 ያህል ጥያቄ ቢልክ፣ ከ100 ጥያቄ አንዱ ብቻ የሚዘገይ ቢሆን እንኳ፣ ከ20ዎቹ ቢያንስ አንዱ ዘግይቶ የሚገጥመው ተማሪ 18 በመቶ ነው። ከአምስት ተማሪ አንድ ለማለት ይቀርባል። ለዳታቤዙ «ብርቅ» የሆነው ነገር ለተማሪው የዘወትር ነው።

ሁለተኛው ፈተና

ለቀጣዩ ሴሚስተር እንደገና ፈተንን። በዚህ ጊዜ የውሸት ተማሪዎቹን ከቀደመው የወደቀ ቀን መዝገብ ነው የቀረጽናቸው፦ የትኛው ኮርስ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ፣ ሰው ስንቴ ሪፍሬሽ እንዳደረገ። ፍጥነቱን ወስነን እንጂ መልስ እየጠበቅን አልላክንም። ሰርቨሩ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወደቀ፤ በቢሯችን ውስጥ እንደዚያን ቀን ሰርቨር ወድቆ የተደሰተ ሰው አይቼ አላውቅም።

ችግሩን ስንፈልግ ቁልፉ ለምን ያን ያህል እንደሚቆይ ተገኘ። አፕሊኬሽኑ መጀመሪያ የኮርሱን መቀመጫ ይቀንሳል፤ ከዚያ ረድፉን እንደቆለፈ ክፍያ መከፈሉን ከሌላ ሲስተም ጠይቆ መልስ ይጠብቃል፤ ከዚያ የተማሪውን ስም ጽፎ ይጨርሳል። ማለትም ሱቁን ቆልፎ ዝርዝር ብር ፍለጋ ጎረቤት ይሄድ ነበር። ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፦ ክፍያው መጀመሪያ ከትራንዛክሽኑ ውጭ ይጣራ፣ ከዚያ የተማሪው ስም ይጻፍ፣ መቀመጫው መጨረሻ ላይ ይቀነስ፤ ከሞላ ሁሉም ይሰረዝ። የፒጂቤንችም ባንክ ብዙ ሰው የሚሻማበትን ቅርንጫፍ ከሒሳቡና ከቴለሩ በኋላ ነው የሚነካው፤ ስንት ጊዜ እያየነው አልፈነው ነበር።

ገደቡን 5,000 አላደረግነውም። በተቃራኒው ፒጂባውንሰር የሚባል ሶፍትዌር መሀል አስገባን። እሱ ከአፕሊኬሽኑ በኩል የሚመጡ ብዙ ኮኔክሽኖችን ተቀብሎ ወደ ዳታቤዙ ጥቂት ኮኔክሽኖችን ብቻ ይከፍታል፤ ሌላው በሩ ላይ ከመባረር ውጭ ተሰልፎ ይጠብቃል። ስንት ይሁኑ የሚለውን በፈተናው ወሰንን፤ ከ10 ጀምረን እየጨመርን፣ በሰከንድ የሚሠራው ሥራ መጨመር ያቆመበትን ቦታ አየን። 40 ላይ ቆምን። ከ100 ወደ 40 መቀነሳችንን ለኃላፊዎች ማስረዳት ከቴክኒኩ ሥራ በላይ ፈጀብን።

በምዝገባው ቀን 2፡30 ላይ ሁላችንም ስክሪኑ ፊት ተሰብስበን ነበር። ጠባቂዎቹ በዙ፣ ቆይታው ወደ ሦስት ሰከንድ ገደማ ወጣ፣ ለጥቂት ደቂቃዎች እዚያው ቆየና ወረደ። «ዘገየ» ብለው ያማረሩ ተማሪዎች ነበሩ። ከተጫኑት መካከል ስሙ ዳታቤዙ ውስጥ ያልተገኘ ግን አልነበረም። ያቺ ልጅ ያንን ኮርስ በዓመቱ ወሰደችው።